የናሆም ድምፅ ሲለወጥ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወንድሞችና እህቶች። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ጌታ ለቤቴ ያደረገውን ይዤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው። ብዙዎቻችሁ «የናሆም አባት» ነው የምትሉኝ። ስሜ ግርማ ነው። ከቀጨኔ ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለኝ።

እውነቱን ልናገር። ባለቤቴ ትዕግሥት ጌታን ካገኘች ብዙ ዓመቷ ነው። እኔ ግን ቸርች የምመጣው ልጄ ሶሎ የሚዘምር ቀን ብቻ ነበር። በር ላይ እቆማለሁ፤ እሱ ሲጨርስ ስብከቱ ሳይጀመር ውልቅ ነው። ናሆም ድምፁን ወደ ላይ ሲያወጣው ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ሹፌር ቪዲዮውን ከስልኬ ሳያይ አይሄድም ነበር። መዝሙሩን ግን ሰምቼው አላውቅም። እኔ የምሰማው «የኔ ልጅ ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ድምፁ ይሻክር ጀመር። ልብ አላልኩትም። ከዚያ ከብዙ ቦታ ሰው የመጣበት ጉባኤ ሆነና ሶሎ ተሰጠው። ከፍ የምትለዋ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከኋላ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። ናሆም ማይኩን ዝቅ አደረገና ወደ በሩ፣ ወደ እኔ አየ።

እኔ ምን አደረግኩ? ወጣሁ። ወገኖቼ፣ ልጄን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጥዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ የድሮ ድምፁን ላስመልስ ተነሣሁ። ዝንጅብል አጠጣሁት፣ ፌጦ አጠጣሁት። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ሰፈራችን ካለው የእጽዋት ማዕከል በታች ዳገቱ ላይ አወጣውና «ከፍ አድርገህ ዘምር፣ አትፍራ» እለዋለሁ። የኳየሩ አሠልጣኝ እህት መሠረት ደወለችልኝ።

«ጋሽ ግርማ፣ እባክዎ አያስገድዱት፤ ዕድሜው ነው» አለችኝ።

«ልጄን ለእኔ ተዪልኝ» ብዬ ዘጋሁባት።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ናሆም አፉን ሲከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቃል የለም። ያኔ ደንግጬ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ዶክተሯ ጉሮሮውን በደንብ አይታ፣ «ምን ሲያደርግ ነበር?» አለች። ነገርኳት። «ያበጠው ከጩኸት ብዛት ነው። ሁለት ሳምንት ዝም ይበል፣ ውሃ ይጠጣ፤ ከዚያ መልሰው ያምጡልኝ» አለችኝ።

«የድሮው ድምፁ ይመለሳል?»

«አይመለስም። እሱ የሕፃን ድምፅ ነበር። ልጅዎ እያደገ ነው፤ የሚመጣውን ድምፅ በትዕግሥት ይጠብቁት።»

ኮሪደሩ ላይ መድኃኒት ስንጠብቅ ናሆም ስልኬን ተቀበለኝና ጻፈበት። «አባዬ፣ ካልዘመርኩ ከእንግዲህ ቸርች አትመጣም?» ይላል።

ለካ ልጄ በዘመረ ቁጥር፣ ዛሬ አባቴ ለስብከቱ ይቀመጣል እያለ ሲጠብቀኝ ኖሯል። እኔ ለድምፁ ስጨነቅ እሱ ለነፍሴ ይጨነቃል። እዚያው ወንበር ላይ ልቤ ተሰበረ። «ይቅር በለኝ ልጄ። እመጣለሁ» አልኩት። አንገቴን አቀፈኝ።

እሑድ መጣሁ። ናሆም ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ኳየሩ ያለ እሱ ዘመረ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዝሙሩን ቃል ሰማሁ። ፓስተሩ «ጌታን መቀበል የሚፈልግ» ሲል እጄን አነሣሁ። ትዕግሥት ከጎኔ ታለቅስ ነበር። ክብር ሁሉ ለእርሱ ይሁን።

ከሆስፒታሉ «መዘመር ይችላል» ሲሉን ወደ እህት መሠረት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም መዝሙሩን ለአዲሱ ድምፁ እንዲስማማ ዝቅ አድርጋ፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ሳይጨነቅ አለማመደችው። ልምምድ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ድምፁ ሲሰነጠቅ ወደ እኔ ያያል። አሁን አልወጣም። «አይዞህ፣ ቀጥል» እለዋለሁ። በዚህ መንገድ ዓመት አለፈ።

ዛሬ ናሆም ከወንዶቹ ጋር ከኋላ መስመር ይዘምራል። ድምፁ ወፍራም ነው፤ የድሮዋ ቦታ ላይ አይደርስም፣ እሱም አይፈልጋትም። ጌታ ይባረክ። ያለፈው ሳምንት ቤት ውስጥ እኔ ስዘምር ጆሮዬ አጠገብ መጥቶ፣ «አባዬ፣ ከዜማው ወጥተሃል፤ ግን እንዳታቆም» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ሲለወጥባችሁ ፈርታችሁ ይሆናል። ጌታን እመኑት። ልጁን የሚያሳድገው እርሱ ነው። እኔ ልጄን አድናለሁ ብዬ ወጥቼ፣ የዳንኩት ራሴ ነኝ።