የእማዬ ቀጠሮ

ነፍስ አባቴ ፊት ስንቱን ኃጢአት ስናዘዝ ይህቺን አንዷን እየዘለልኩ አሥር ዓመት ሞላኝ። ዛሬ ለእናንተ ልናገር። የእማዬን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

እማዬ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ፣ ቤታችን በር ተቀምጣ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ቀለም ያስተማረችኝ በክር ነው፤ ሰዓሊ ያደረገችኝ እሷው ናት። አንዱ ዓይኗ በልጅነቷ ጠፍቷል። የቀረውንም ሞራ ሲጋርደው ሆስፒታል ወሰድኳት፤ እንዲገፈፍላት ቀጠሮ ተሰጣት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "እንዳትቀሩ፣ ከቆየ ዓይኑ ይጠፋል" አለኝ።

በዚያ ሰሞን ለኤግዚቢሽን ምስሏን እየሳልኩ ነበር። ርዕሱንም "ፈውስ" ብዬዋለሁ። አይ ፈውስ! ያ ሞራ የጋረደው ዓይኗ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት እንዴት ያምር እንደነበር ምን ልበላችሁ? የእናቴ ሕመም አምሮ ታየኝ። ሞራው ከተገፈፈ ስዕሌን በምን ልጨርሰው?

ዋሸሁ። "እማዬ፣ ቀጠሮው ተራዝሟል" አልኳት።

"ይሁና፣ እነሱስ ምን ያድርጉ፣ የበሽተኛው ብዛት!" አለች።

ቀጠሮ ተራዘመ ቢባል ማን ይጠረጥራል? ካርዷን የቀለም ሳጥኔ ውስጥ ደበቅሁ። ሦስት ወር ሳልኳት። "ዛሬስ ዓይኔን ጠዘጠዘኝ" ስትለኝ "ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ቀና በይልኝ" አልኳት። ቀና አለችልኝ።

ስዕሉ ሲያልቅ ወሰድኳት። ሐኪሙ መርምሯት ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቢገፈፍም ከእንግዲህ አታይም አለ።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኔ ግን በእናቴ አንድ ዓይን ተጫወትኩ። ልጅ ነበርኩ ልበል? አላወቅኩም ልበል? ተነግሮኛል፤ አውቄ ነው ያደረግኩት። የቀጨኔው መድኃኔዓለም ይመስክርብኝ።

ስዕሉ ዛሬ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ እማዬ በጣቶቿ እየዳሰሰች "ዓይኔ ሳይጠፋ ልጄ የሳለችኝ ነው፤ እጇ ይባረክ" ትላለች። እኔም አሜን እያልኩ እዚህ ደረስኩ።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የጠፋው የእናንተ ዓይን አይደለም። ይቅር የምትለኝም የምትረግመኝም እሷ ናት፤ ለእሷ ደግሞ ገና አልነገርኳትም።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። የእርሳሱን ድምፅ ሰምታ "ምን እየሳልሽ ነው?" አለችኝ።

"አንቺን" አልኳት።

"እጅሽ ይባረክ" አለች።

አሜን ማለት አቃተኝ።