ከባሕሬን ቆጵሮስ፣ ከቢቸና ሞጣ

ይህ ጉዳይ በጠቅላላው የፈጀብኝ ሁለት የመኪና ትኬትና በጉንደ ወይን ገበያ ያጠፋሁት አንድ ረፋድ ነው። ትኬቱን ረስቼዋለሁ።

ልጄ ባሕሬን ሰው ቤት ትሠራለች። ካየኋት አራት ዓመት አልፏል። አሠሪዎቿ ወደ ቆጵሮስ ሲዛወሩ እሷንም ይዘው ሊሄዱ ሆነ፤ ከደሴት ወደ ደሴት መሆኑ ነው። ስልኳን የሚሰጧት ለመንገዱ ብቻ ስለነበር፣ ቆጵሮስ እንደወረደች አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሆና በቪዲዮ እንደምትደውል ለእናቷ መልእክት ላከችላት። ባለቤቴ ሞጣ እናቷን ታስታምማለች፤ እኔ ቢቸና እህል እነግዳለሁ። ምስል የሚያሳይ ስልክ ያላት እሷ ናት፤ የእኔው ባለ ቁልፍ ነው። ልጅቱ የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ልያችሁ።»

ሞባይል የምትጠግነውን ጎረቤቴን በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስፈለግኋት። ርቀቱ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ጊዜው ሦስት ሰዓት ከሩብ አለችኝ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ በተጠራ ቁጥር ተስማምቼ አላውቅም። ለሞጣ መንገድ ሹፌር ሦስት ሰዓት ካለ አምስት ነው፤ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ይጭናል፣ ጎማ ይፈታል፣ ቁርሱን ይበላል። ያን ሁሉ አገር የሚያቋርጠውማ ከስድስት አያንስም ብዬ ቆረጥሁ። ጎረቤቴ ሳቀችብኝ።

«ጋሼ፣ አውሮፕላን እኮ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም።»

ልጄ በጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስትነሣ እኔ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ነበርሁ። በቀጥታ ብሄድ እደርስ ነበር። ጉንደ ወይን ላይ ግን ገበያ ቆሟል፤ የጤፍ ዋጋ ሳይጠይቁ ማለፍ ደግሞ አልለመደብኝም። ጊዜ ተርፎኛል ብዬ ወረድሁ። አንዱን ባለ ነጭ ጤፍ ስከራከር ቆይቼ ሳልገዛው ቀረሁ። ቀጥሎ የያዝሁት ሚኒባስ እስኪሞላ ረፋዱ አለቀ።

በመንገዱ ሁሉ የማስበው እሷን ነበር። ትንሽ ሳለች ገበያ በዋለ ቁጥር የእህሉ ሚዛን ላይ አቁሜ እመዝናት ነበር፤ እንዲከብድላት ኪሷን ባቄላ ትሞላለች፤ እኔም እንዳላየ አልፋለሁ። አሁን ከስታ ይሁን ወፍራ በዓይኔ ልመዝናት ነበር።

ሞጣ ስደርስ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተደርድሯል። ባለቤቴ አንዱ ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው፣ ጥሪው አልቆ ብርሃኑ ጠፍቷል። ልጅቱ አባቴ የት ነው ብላ ስትጠይቃት፣ መቼም ገበያ አይቶ ወርዶ ነው እንዳለቻት ነገረችኝ። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

«ከስታለች?» አልኋት።

«ትንሽ። ወንበሩን አሳዪኝ ብላኝ አሳየኋት።»

አውሮፕላኑ የፈጀው ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ አንዲት ደቂቃ አልጨመረም። ከእናቷ ጋር ሃያ ደቂቃ አወራች። ከእኔ ጋር፣ ምንም።