እንጨት የማይቆርጠው ጠላቴ

የልጄ ባል ክፉ ሰው አይደለም። ጀማሪ ሰው ነው፤ መጨረስ ግን አልተሰጠውም። ግቢያችን ውስጥ ጣሪያ ያልወጣለት የዶሮ ቤት አለ፤ የታሰበለት ዶሮ ሁሉ ተበልቶ አልቋል። ከጓሮ በኩል አጥር ይሆናል ብሎ የደረደረው ብሎኬት አለ፤ እኔ ልብስ አሰጣበታለሁ። አንድ ቀን ልጄ ተናዳ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ ጨርሰህ አሳየኝ» አለችው። አልተቆጣም። «ይኼን እጨርሰዋለሁ» አላት። ይኼን ያለው ጨዋታውን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣት ሳለ እዚሁ ጅግጅጋ አንድ ኮምፒዩተር ቤት ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተራ እየጠበቀ የሚጫወተው የጦርነት ጨዋታ ነበር። ሰዎችህን እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ወርቅ ታስቆፍራለህ፣ በዚያ ቤት ትሠራለህ፣ ወታደር ታወጣለህ፣ ከዚያ በካርታው ሌላኛው ጫፍ ያለውን ጠላት ታጠፋለህ። ጠላቱ ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። ጨዋታው ሲያረጅ ባለቤቶቹ ውስጡን፣ የተሠራበትን ትእዛዝ ማለት ነው፣ ለፈለገ ሁሉ ከፍተው ለቀቁት። የልጄ ባል ደግሞ በቶጎ ውጫሌ በኩል የገባች፣ መዳፍ የማትሞላ የጌም ማጫወቻ ነበረችው። ያንን ትልቅ ጨዋታ ወደዚች ትንሽ ዕቃ አሻግራለሁ ብሎ ተነሣ። በኮሮና ጊዜ ቢሮ አትምጡ ተብሎ ቤት የዋለ ሰሞን ነበር የጀመረው።

በየአገሩ እንደ እሱ ዓይነት ሰዎች አሉ። አሮጌ ጨዋታ ያሻግራሉ፣ በኢንተርኔት ማኅበር ቢጤ አላቸው። ሠርተህ ትልካለህ፤ ከተቀበሉት ስምህን ጽፈው ለሁሉም ያወጡታል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ጨዋታው እንደነበረ ይሁን፣ ምንም አይነካ። «ስሜ እዚያ ከወጣ ጨረስኩ ማለት ነው» አላት ለሚስቱ። እሷም «እናያለን» አለች። የእኔ ልጅ «እናያለን» ካለች አላመነችም ማለት ነው።

እኔ የገባሁበት በመሞከር ነው። ጨዋታው የተሠራው ለማውስና ለሰፊ መስታወት ስለሆነ ትንሿ ዕቃ ላይ ሲሰፍር ፊደሉ ጉንዳን፣ ወታደሩ ቁንጫ ሆነ። ማውስ በሌለበት የትኛው ቁልፍ ምን ይሥራ የሚለውም ራስ ያዞራል። የራሱ ልጅ እንዳትሞክርለት ጨዋታ የለመደች ናት፤ ምንም ቢበላሽ በላዩ ላይ ትጫወታለች። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ማውስ የሚባለውን አይጥ ሲሉ ሰምቼ እንጂ ነክቼ አላውቅም።

«እማዬ፣ እርስዎ ከቻሉት ማንም ይችለዋል» አለኝ።

«ይኼ ስድብ ነው ሹመት?»

«ሹመት ነው።»

ተሾምኩ። ሹመቱን ደግሞ በዋዛ አልያዝኩትም። «ፊደልህን አጉላ፣ ጠላቴን በመነጽር ልፈልግ ነው?» እለዋለሁ፤ ያጎላል። «ሽሽ ስለው ይዋጋል፣ ተዋጋ ስለው ይተኛል፤ ወታደር ነው የሰጠኸኝ ሰካራም?» እለዋለሁ፤ ቁልፉን ያቀያይራል። እንዲህ እያልን ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። ጨዋታው እጄ ገባ። ማሸነፍ ግን አልሆነልኝም። ገና ሁለት ቤት ሳልሠራ ያ ቀይ ጠላት ጦሩን አሰልፎ ይመጣብኛል። እኔ ደግሞ እርጅና ነው፣ እጄ ይዘገያል ብዬ ተቀበልኩት።

ተሠርቶ አለቀና ሊልከው ባለበት ሳምንት ቀብሪበያ ለቅሶ ልንደርስ ሁለታችን ሚኒባስ ተሳፈርን። «መንገድ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ይሞክሩልኝ» ብሎ ዕቃዋን ሰጠኝ።

እዚህ አገር ሰው መሬት ጭሮ በጠጠር ሻህ የሚሉትን ጨዋታ ሲጫወት ተመልካች የሚባል የለም። የቆመ ሁሉ ተጫዋች ነው። የማታውቀው ሰው ከኋላህ መጥቶ «ያቺን አንሣ» ይልሃል፤ ካላነሣህ እሱ ያነሣልሃል። ሚኒባሱም እንደዚያው ሆነ። በአንድ ጎኔ የልጄ ባል፣ በሌላው ጢሙን በሂና ያቀላ የከብት ደላላ፣ ከኋላዬ የጨርቅ ጥቅል ያቀፈች ነጋዴ። ከተማውን ሳንለቅ ሦስቱም አንገታቸውን አስግገዋል። ወሬው በሶማልኛ ነው፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ ያረጀሁ ነኝ።

«ኤዶ፣ በወንዙ በኩል ዙሪ» ትለኛለች ነጋዴዋ፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

«በወንዝ በኩል ትሙት እንዴ? በጫካው ነው» ይላል ደላላው።

ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ፣ «ፈረሰኛ የላትም?» አለ።

«አንተ መንገድህን እይ!» አልነው ሁላችንም።

ደላላው ነው አንድ ሰው ለስለላ ላኪ ያለኝ። ላክሁ። ያ ሰውዬ በጫካ ተሹለክልኮ የጠላት መንደር ዳር ደረሰ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የጠላቴን ቤት አየሁ። ደላላው ዕቃዋን ከእጄ ወስዶ ወደ ዓይኑ አስጠጋት። እንደገና አየ።

«እንጨት የሚቆርጥ ሰው የለውም» አለ።

«የወርቁም ጉድጓድ አልተነካም» አልኩ እኔ።

«ቤቱ ግን እያደገ ነው። ወታደሩም ይኸው ይወጣል።» ከዚያ ወደ ልጄ ባል ዞረ። «ይኼ ሰውዬ ከየት ነው የሚበላው?»

«ሐዋላ ነው» አለች ነጋዴዋ። «ዘመድ ውጭ አገር አለው።»

«ኮንትሮባንድ ነው» አለ ሾፌሩ።

የልጄ ባል መዋሸት አያውቅም፤ ይኼ መልካም ጸባዩ ነው፣ ያን ቀን ግን ጎዳው። «ኮምፒዩተር ብልሃት ስለሌለው ጨዋታው በስውር ተጨማሪ ወርቅ ይሰጠዋል» አለ። «ድሮም እንዲህ ነው የተሠራው።»

«ማን ነው የሚሰጠው?»

«ራሱ ጨዋታው።»

«ጨዋታው ዳኛ አይደለም እንዴ?» ብዬ ጮኽኩ። «ዳኛው ነው የሚያበላው? እኔ እንጨት ለቅሜ፣ ወርቅ ቆፍሬ፣ እጄ ዘገየ ብዬ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ! አንተ ደግሞ ይኼን እያወቅህ ዓመት ሙሉ ‹እማዬ፣ ትንሽ ይፍጠኑ› ትለኛለህ!»

ሚኒባሱ ችሎት ሆነ። ደላላው ጉሮሮውን ጠርጎ ጠየቀ፤ «ይኼ ጠላት እዚህ አገር ጎሳ አለው?» የለውም። «ካሣ የሚከፍልለት ወገን አለው?» የለውም። «ማን ነው ያመጣው?» ሁሉም ጣቱን ወደ ልጄ ባል ቀሰረ። «እንግዳ ካጠፋ የሚጠየቀው ያስገባው ነው» አለ ደላላው። «አንተ ወገኑ ነህ። ለሴትዮዋ አንድ በግ ትክሳለህ፤ ጥፋቱንም ታርማለህ።»

«በጉን እክሳለሁ፤ ማረሙን ግን አልችልም» አለ ላብ እያጠመቀው። «እንደነበረ ካልሆነ አይቀበሉኝም። እኔ አሻጋሪ ብቻ ነኝ።»

«ልጄ፣ የምታሻግረው ጆንያ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ ብታገኝ፣ እንደነበረ ነው ብለህ ተሸክመህ ታልፋለህ?» አለው ደላላው።

ጆንያ ሲነሣ ነጋዴዋ ጥቅሏን ጠበቅ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። የልጄ ባል «ቃሌ ነው፣ አርመዋለሁ» አለ፤ በሰው ሁሉ ፊት። በጉን ቀብሪበያ ገበያ የመረጠልን ራሱ ፈራጁ ነው፤ ድለላውንም አልተወም።

የልጄ ባል ቃሉን ጠበቀ። ብዙ ደክሞ ስውሩን ወርቅ አስቀርቶ፣ ጠላቱንም እንደ እኔ እንጨት እንዲያስቆርጥ አደረገና ዕቃዋን አመጣልኝ። ተጫወትኩ። አሸነፍኩ። እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ። ደግሜ ተጫወትኩ፤ አሁንም አሸነፍኩ። በማግስቱ ነገሩ ሸከከኝ። ያ ስንት ጦር ያሰልፍብኝ የነበረ ጠላት አንድ ወታደር ላከብኝ። አንድ። እሱም መንገድ ጠፍቶት ከዛፍ ጋር ሲጋፋ ዋለ። እንጨት ቆራጮቹ በራሳቸው ቤትና በራሳቸው ጫካ መሐል ተጣብቀው መውጫ አጥተዋል። ሄጄ ቤቱን ሳቃጥል የድሃ ጎረቤት ቤት የዘረፍኩ መሰለኝ።

«ምንድን ነው ያመጣህብኝ?» አልኩት። «ይኼ ጠላት ነው? ይኼማ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ነው!»

ሊያለቅስ ደረሰ። «እማዬ፣ ሲሰርቅ ሌባ አሉ። ሲተው ምስኪን አሉ። እኔ ምን ላድርግ?» ዕቃዋን ቁም ሳጥኑ ላይ አኖራትና ወጣ። በማግስቱ አላነሣትም። በሳምንቱም አላነሣትም። ልጄ አይታ ምንም አላለችም፤ «እናያለን» እንኳ አላለችም። ያ ዝምታ ከስድብ ይከፋል።

የእሱ ሥራ አንዴ አልቆ ነበር፤ ያስቆመው የእኛ ፍርድ ነው። ፍርዱን የሰጠ ሰው ደግሞ ሥራው መሐል ላይ ሲቀር አላየሁም ማለት አይችልም። ስለዚህ የገበያ ቀን ጠብቄ፣ ዕቃዋን በነጠላዬ ቋጥሬ የጅግጅጋ ከብት ተራ ሄድኩ። ደላላውን ግመሎች መሐል ቆሞ አገኘሁት።

«በጉ ታመመ እንዴ?» አለኝ።

«በጉ ከተበላ ቆይቷል። ይኼን እይ።»

አንድ ግመል ጥላ ሥር ተቀምጦ ተጫወተ። አሳየሁት እንጂ አልረዳሁትም፤ እንዲያም ሆኖ አሸነፈ። ዕቃዋን እጁን እንዳቃጠለችው ሁሉ መለሰልኝ። «ከየቲም ጋር ነው ያታገልሽኝ» አለ፤ ወላጅ ከሌለው ልጅ ጋር ማለቱ ነው። «ይኼማ ይስረቅ።»

«ተደብቆ አይሰርቅም!»

«ካልሰረቀ ሰው አይሆንም።»

«ይስረቅ፤ ግን ይናገር።»

«ሌባ ተናግሮ ይሰርቃል?»

«ተናግሮ የሚመጣ ሌባ አይባልም፣ ወራሪ ነው። ወራሪ ከሆነ ተዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ። በሩ ላይ ቆሞ ‹እኔ እንዲህ ነኝ› ይበል፤ የደፈረ ይግጠመው። ያልደፈረ ከምስኪኑ ጋር ይጫወት።»

ጢሙን እየዳበሰ አሰበ። ከብት ሲሸጡ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘው በጣት ነው የሚስማሙት፤ የእኔን እጅ ግን ሴት ነኝና አልያዘም፤ የሽርጡን ጫፍ ዘረጋልኝ። ያዝኩት። ፍርዱ ተሻሻለ።

ቤት ስደርስ ዕቃዋን የልጄ ባል ጭን ላይ አስቀመጥኩና «ጻፍ» አልኩት። ጨዋታው ሲከፈት ሁለት በር ይኑር። በአንደኛው ላይ፤ «ይህ ጠላት አንተ የማታገኘውን ወርቅ በስውር ያገኛል። እያወቅህ ግባ።» በሁለተኛው ላይ፤ «ይኼኛው ሠርቶ የሚበላ ነው። አትጨክንበት።» በአማርኛ ጻፈው፣ በሶማልኛ ጻፈው፣ ለማኅበሩ ሰዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ። ላከው።

መልስ መጣ። የማኅበሩ ተቆጣጣሪ፣ ጨዋታው እንደነበረ አይደለም፣ ጽሑፉ ይውጣ አለ። የልጄ ባል አንብቦልኝ ትከሻው ወረደ። ጽሑፉን ማውጣት ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነበር፤ ስሙም ወዲያው ይወጣለታል። ይኼን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም ያን ጊዜ ምንም አላልኩም፤ ቃሉን የሰጠው እሱ ነውና።

በመጨረሻ፣ «ደላላው ሚኒባስ ውስጥ ቢያገኘኝ ምን እለዋለሁ?» አለ። ከዚያ ራሱ ጻፈ፤ ከአፌ አንድ ቃል አልጠበቀም። «ከጨዋታው የቀነስኩት የለም። ሌባው እንዳለ ነው። እኔ በሩ ላይ ስሙን ብቻ ነው የጻፍኩት።»

ማኅበሩ እርስ በርሱ ሲከራከር ሰነበተ። ግማሹ ሕግ ሕግ ነው ይላል። ግማሹ ከድሮም ጠርጥሬ ነበር ይላል። መሐል ላይ አንድ የሌላ አገር ሰው ገብቶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ጨዋታ ሲሸነፍ ራሱን ሞኝ አድርጎ እንደኖረ ጻፈ። ወንድሞቹ ይስቁበት ነበር አሉ። «ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ነው የጨረሰው። ከዚያ ሰው በኋላ የተከራከረ የለም። ጨዋታው ሁለቱን በሮች እንደያዘ ወጣ፣ የልጄም ባል ስም ከሥሩ።

መጀመሪያ ያሳየው ለሚስቱ ነው፤ ተገቢ ነው። ልጄ ስሙን አነበበች፤ ሌላ ሰው እንዳይሆን የአባቱንም ስም አነበበች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችውና ለእህቶቿ በሙሉ ላከች። እሱ ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ጠገበ።

እኔ እስካሁን የምገባው በሌባው በር ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፍኩትም። ግን አሁን ሲመጣብኝ «ና፣ የዳኛ ልጅ!» ብዬ እቀበለዋለሁ፤ ቤቴን አቃጥሎ ሲሄድም ዕቃዋን አጥፍቼ በሰላም እተኛለሁ።