ያልተገረዘው ልጄ

ልጃችን ጎንደር ሐኪም ቤት በተወለደ ማግስት፣ አማቴ ስለ ሞተው ወንድ ልጃቸው ሲያወጉ ሐኪሙ ሰማ። ያ ልጅ የሞተው በተገረዘ ዕለት ደሙ አልቆም ብሎት ነው። ሐኪሙ ወሬውን አቋርጦ የልጃችንን ተረከዝ በመርፌ ወጋ፤ ደሙን መስታወት ላይ አድርጎ እስኪረጋ ይጠብቅ ጀመር። እኔም አብሬ ጠበቅሁ። በዚያ ጥበቃ ጢሜ አንድ ክንድ ሳያድግ አልቀረም፤ ደሙ ግን እንደ ውኃ ሆኖ ቀረ።

«ይህ ልጅ እንዳይገረዝ፤ ይሞትባችኋል» አለ ሐኪሙ። «በሽታው የሚመጣው በእናት በኩል ነው። ሴቶቹ ሳይታመሙ ለወንድ ልጃቸው ያወርሱታል።»

ሚስቴን አየኋት። በሬ በቀንዱ ይዛ የምትጥል፣ ራሷን እንኳ አሟት የማያውቅ ሴት ናት።

«ምነው ልጄ» አሉ አማቴ፣ «የእኔን ልጅ የበላው ገራዡ ነው። ቡዳ ነው እኮ።»

«እናቴ፣ ገራዡ ምንም አላደረገም። ያው በሽታ ነው» አለ ሐኪሙ።

አማቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቡዳ ነው ብለው መንደራችንን ኮሶዬን በሙሉ ከዚያ ሰው ያሸሹት እሳቸው ነበሩ።

ልጃችን ሊገረዝ በነበረበት ቀን አማቴ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ ይቅርታ ሊለምኑ ከገራዡ ደጅ ቆሙ። ሳወራው ድንጋዩን የወፍጮ ያህል አደርገዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሁለት እጅ የሚሞላ ነበር። ሽማግሌው ገራዥ ወጥተው ድንጋዩን አዩ።

«ሕፃኑስ?» አሉ።

«አልተገረዘም፣ አያ። ደኅና ነው» አሉ አማቴ።

«እንግዲያ አውርጂው» አሉና ድንጋዩን ራሳቸው ተቀበሏቸው።