ጠመንጃው ማን ጋ ነው?

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የቆዳ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የጨውና የከረመ ቆዳ ሽታ ነው። የነጌሌ ፀሐይ ከቆርቆሮው ላይ ቀኑን ሙሉ አይወርድም፤ ግድግዳው ራሱ ጨው የሚያልበው ይመስል ነበር።

ውስጥ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው ከጦር ሰፈሩ የመጣ አስር አለቃ ነው። ከምሥራቅ ጦርነት ተመልሶ፣ ስለሞቱ ጓደኞቹ ጠጅ ቤት ውስጥ በማውራቱ ታሰረ። ሁለተኛው ጨርቅና ስኳር የሚሸጥ የከተማው ሙስሊም ነጋዴ ነው። ሦስተኛው ከሊበን ወይፈን እየነዱ ለገበያ መጥተው የተያዙ የቦረና ሽማግሌ ናቸው።

“አካም፣ ባርሲሳ” አሉኝ ሽማግሌው። ባርሲሳ አስተማሪ ማለት ነው። እንዴት አወቁ ብዬ ስጠይቃቸው ወደ ጣቶቼ አመለከቱ። ከክፍል ሲወስዱኝ የያዝኩት ጠመኔ ገና አልለቀቀኝም ነበር።

አስር አለቃው አይናገርም። ምግብ ሲገባም ፊቱን ከግድግዳው አያዞርም።

“ይሄ ሰው በቁሙ እያለቀ ነው፣ መምህር” አለኝ ነጋዴው በሹክሹክታ። “አንድ ነገር አድርግ እንጂ።”

እኔ የማውቀው ማስተማር ነው። ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼን ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ከብት አርቢ እያደረግኩ በሐሳብ አገር አዞራቸው ነበር። ያንኑ ጨዋታ አመጣሁ። ደንቡ ቀላል ነው። ከነጌሌ ተነስተን ሜጋ እንገባለን። እያንዳንዱ አንድ ድርሻ ይይዛል። መንገድ ላይ የሚገጥመንን እኔ እተርካለሁ፤ ምን እንደሚያደርጉ እነሱ ይናገራሉ። የተናገሩት ይሳካ እንደሆነ የሚወስነው የቴምር ፍሬ ነው፤ ቴምሩ ከነጋዴው ቤት ይላካል። ሦስት ፍሬ ይጣላል፤ ሁለቱ ስንጥቃቸው ወደ ላይ ከሆነ ተሳካ ማለት ነው።

ነጋዴው ነጋዴ ሆነ፤ ሽማግሌው መንገድ መሪ። አስር አለቃውን “አንተ ጠመንጃ ያዥ ነህ” አልኩት።

ቀስ ብሎ ዞረ። “ምን ዓይነት ጠመንጃ?” አለ። ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ጨዋታው ግን ወዲያው ተበላሸ። ጅብ መጣ፤ ተኮሰ። ሽፍታ መጣ፤ ተኮሰ። ኬላ ላይ አስቆሙን፤ እዚያም ተኮሰ።

“እኔ ታዲያ ምን ልሥራ?” አለ ነጋዴው ተናዶ። “ቀለህ ልልቀም?”

እውነቱን ነው። አንዱ ድርሻ ሁሉን ከቻለ የቀሩት ተመልካች ናቸው። ጥይቱን አምስት ብቻ አደረግኩት። ተኩስ ሲሰሙ ፍየሎቻችን ይበተናሉ አልኩ። ያም አልበቃም። እንዲህ ስናስተካክል ኤላ ጋ ደረስን፤ ኤላ የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ብዙ ከብት ቀድሞን ቆሟል። አስር አለቃው እጁን እንደ አፈሙዝ አነሳ።

ሽማግሌው ሳቁ። “ውሃ ይተኮሳል እንዴ? እዚህ አባ ሄሬጋ አለ።” አባ ሄሬጋ በኤላው ላይ ተራ የሚያስይዘው ሰው ነው። “ተራ ጠብቅ፣ ልጄ።”

“መሣሪያ ይዤ?”

“መሣሪያህ ጠማው?”

አስር አለቃው ሳቀ። ያን ቀን ምግቡን በላ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ተጫወትን፤ ከጨዋታው ይልቅ ግን ክርክሩ በዛ። አንድ ከሰዓት ነጋዴው ድምፁን ከፍ አድርጎ “ጠመንጃው አሁንም ያይላል! ወደኛ ይዙር!” አለ። ጠባቂው ከበሩ ውጭ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የሚመረምረን ሻምበል ራሱ ገባ።

“ጠመንጃው ማን ጋ ነው?”

ማስረዳት ልማዴ ነውና አስረዳሁት። ጨዋታ መሆኑን፣ ድርሻ መኖሩን፣ ድርሻዎቹም መመዛዘን እንዳለባቸው።

“ለምን ይመዛዘናሉ?”

“ማንም ብቻውን የሁሉ የበላይ እንዳይሆን።”

“ድገመው።”

ደገምኩት። ወደ ጠባቂው ዞረ። “ህዋስ ማለት ይኸው ነው። መሪ አላቸው፤ ስንቅ አቅራቢ አላቸው፤ ታጣቂ አላቸው።” ከዚያ ሽማግሌውን በትከሻቸው ይዞ አስነሳቸው። “ታጣቂው ማነው? ተናገር፣ አንተ ሽማግሌ!”

አስር አለቃው ተነሳ። ባዶ እግሩን ነበር፤ ተረከዙን ግን ገጠመ።

“እኔ ነኝ፣ ጓድ ሻምበል። አምስት ጥይት ነበረኝ፤ ሁለቱን ተኩሻለሁ። እሳቸውን ይልቀቋቸው።”

ሁለታችንን ወሰዱን። የደረሰብኝን አልዘረዝርም። ስመለስ ነጋዴውና ሽማግሌው ደግፈው አስገቡኝ፤ ለብዙ ጊዜ የውስጥ እግሬ መሬት መርገጥ አይችልም ነበር። አስር አለቃው አልተመለሰም። ነጋዴው ሲጠይቅ ጠባቂው “ወደ ክብረ መንግሥት ተዛውሯል” አለ። በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው የአስር አለቃውን ሹራብ ለብሶ መጣ።

“ባርሲሳ፣ ሜጋ እንሂድ” አሉ ሽማግሌው፣ ቁጭ ማለት ስችል።

ችግሩ ወዲያው ታየኝ። ጠመንጃ ያዥ የለንም፤ የሚመጣው ሽፍታ ይጨርሰናል። ድርሻው ለነጋዴው ይሁን አልኩ።

“ሚቲ” አሉ ሽማግሌው፤ አይደለም ማለታቸው ነው። “ዛሬ አባ ሄሬጋ እኔ ነኝ። የሱ ተራ የሱ ነው።”

ስለዚህ የአስር አለቃው ተራ ሲደርስ ሦስቱን ፍሬ ይቀመጥበት ከነበረው ግድግዳ ሥር እናኖራለን። አንድ ሰው አስቦ እስኪጥል ድረስ ያለውን ጊዜ ዝም እንላለን። ከዚያ አንስተን እንቀጥላለን። ሽፍታ ፍየሎቹን ወሰደብን፤ ነጋዴው ፍየሎቹ የእሱ ሆነው ሳለ አላጉረመረመም። ጠባቂው አንድ ቀን በበሩ ቀዳዳ እያየን “ምን ትጠብቃላችሁ?” አለ።

“ተራ” አሉት ሽማግሌው፣ ዞር ሳይሉ።

ዛሬ በሌላ ከተማ አስተምራለሁ። ያን ጨዋታ ግን ወደ ክፍል መልሼው አላውቅም። ጠዋት ስም ስጠራ፣ የቀረ ልጅ ስም ላይ ስደርስ፣ ወንበሩ ባዶ መሆኑን እያየሁም ጥቂት እቆያለሁ። ልጆቹ ይቸኩላሉ።

“ቲቸር፣ የለም እኮ!” ይሉኛል።

“አውቃለሁ” እላቸዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼም ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ።