ሐረጎ ላይ የቆመው አምቡላንስ

ደሴ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በአምቡላንስ ሹፌርነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የስምሪት ኃላፊያችን ቁልፉን እየሰጠኝ፣ «ሬሳ የምታደርስበት ቀንም ይመጣል። ሐዘንተኛ አታዋራ፤ መንገድህን እይ» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ። ያዘነ ሰው ፊት የምለው ይጠፋኛል።

ለዓመታት እንደታዘዝኩት ነዳሁ።

አንድ ክረምት እማማ ዘይነባን ይዤ ከኮምቦልቻ አልፎ ወዳለው ደጋን ተነሳሁ። ጎረምሳ ልጃቸው ሰይድ ጠዋት እኛ ዘንድ አርፏል። ታናሽ ወንድማቸው ከኋላ ከአስከሬኑ ጋር፣ እሳቸው ጋቢና ከጎኔ ተቀመጡ። አላለቀሱም፤ ቃልም አልተነፈሱም። ዝምታቸው ከጩኸት ይልቅ አስፈራኝ።

የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ጉም ዋጠን። በሁለተኛ ማርሽ እየወረድኩ ሳለ በገደሉ በኩል ያለው በር ተከፈተ። እማማ ዘይነባ አንድ እግራቸውን አውጥተዋል።

በአንድ እጄ ክንዳቸውን ጨምድጄ ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ተንሸራቶ ቆመ። በእሳቸው በኩል መሬት አይታይም፤ ጉም ብቻ።

«ልቀቀኝ!»

«አልለቅዎትም፣ እማማ።»

ወንድማቸው ከኋላ ወርዶ እግራቸውን ወደ ውስጥ መለሰ፤ በሩን ከውጭ ዘጋና ተደግፎት ቆመ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፤ ፍሬቻ አበራሁ። የጭነት መኪና ከኋላ ቢመጣ በዚያ ጉም አያየንም። ላጽናናቸው ፈለግሁ።

«ሰይድ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አልኳቸው።

ዞረው አዩኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሶብር አድርጊ፣ የአላህ ውሳኔ ነው ይለኛል። ስለ ልጄ የጠየቀኝ የለም።»

ከዚያ ተናገሩ። በግ ሲታረድ ሸሽቶ ጎረቤት ይደበቃል፤ ሥጋው ሲበስል ግን ቀድሞ የሚቀርበው እሱ ነው። ሲናደድ ከበቅሎዋ ጋር ይከራከራል።

«ትናንት፣ ‹እማ፣ ቤት ውሰጂኝ› ብሎ ለመነኝ። ነገ አልኩት። ወላሂ፣ ነገ አልኩት!»

ያኔ አለቀሱ።

ስልኬ ጮኸ፤ ኃላፊያችን ነው።

«የት ደረስክ?»

«ሐረጎ ቆሜያለሁ።»

«ተበላሸ?»

«የለም። እናትየው እያወሩኝ ነው።»

«በል፣ ቀስ ብለህ ውረድ» ብሎ ዘጋው።

እስኪጨርሱ ዓይኔን ከበሩ እጀታ አልነቀልኩም። በመጨረሻ ፊታቸውን በሻርፓቸው ጠረጉና «ንዳው ልጄ፤ ቀብሩ እንዳይዘገይ» አሉ። ወንድማቸውን ከጎናቸው አስቀምጬ ነዳሁ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። እማማ ዘይነባን አንዳንዴ ኮምቦልቻ ገበያ አገኛቸዋለሁ፤ ስለ ሰይድ ያወሩኛል።

ከዚያም በኋላ ሐዘንተኛ ጋቢና በገባ ቁጥር መፍራቴ አልቀረም። ለአዳዲስ ሹፌሮች የምለው ይህን ነው፦ ሐዘንተኛውን ስለ ሞተው ሰው ጠይቁት፤ ሲናገር አታቋርጡት።