አያ ደርሶ ሳይዘሩ

ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የዋልካው ጥቁር አፈር ሽታ ከትራክተሩ ናፍታ ጋር ተቀላቅሎ ቤቴ ድረስ መጣ። ይህን ሽታ የሚወድ ሰው ብዙ ነው። እኔን ግን ያናድደኛል። ዝናቡ አንድ ቀን ይጥልና መንደራችንን ኮኪትን በሙሉ ወደ ማሳ አስወጥቶ ድምፁን ያጠፋል። ስልኬ ላይ የሚመጣው ትንበያ ደግሞ "ወደ መደበኛ የተጠጋ" ይላል። መደበኛው ዝናብ የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ምሳ እጋብዘው ነበር። እንዲህ ስበሳጭ የልጅነት ጎረቤታችን አያ ደርሶ ትዝ ይሉኛል፤ እሳቸውም ያበሳጩኝ ነበርና።

አያ ደርሶ ከደጋ ወርደው ጫካ መንጥረው ማሳ ካወጡት አንዱ ነበሩ። የማውቃቸው ከሱዳን በመጣ ጀላቢያና በኮንጎ ጫማ ነው። አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ራዲዮ ነበረቻቸው። ባትሪዋ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ያን ያህል ይወዷታል። የአየር ጠባይ ዜና ሲጀምር ግን ጥርቅም አድርገው ይዘጓታል።

አያ ደርሶ ሳይዘሩ በሰፈራችን ሰሊጥ የሚዘራ ሰው አልነበረም። በበጋ ዋልካው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የልጅ እግር ይውጣል። ዝናብ ሲጀምር በየማለዳው ማሳቸው መሃል ይንበረከኩና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ስንጥቁ ውስጥ ይሰዳሉ። ከታች ደረቅ ከሆነባቸው "ገና ነው" ብለው ይነሳሉ፤ ሰውም ዘሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድሮ ይህ ነገር ይሠራ ነበር አሉ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ዝናቡ ዓመሉን ለውጧል። ሲጀምር ይቸኩላል፣ መሃል ላይ ይጠፋል፣ ሰሊጡ ታጭዶ እንዲደርቅ ሲቆም ደግሞ ማንም ሳይጠራው መጥቶ ያጠቁረዋል። ለአያ ደርሶ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ትንሽ ዘግይቶ ነው፣ በቃ።

አባቴ ከሞተ በኋላ ማሳውን እናቴ ብቻዋን ያዘች። አንድ ዓመት እሳቸውን ጠብቀን ዘግይተን ዘራን፤ ዝናቡ ቀድሞ አቆመና ሰሊጡ ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። በተከታዩ ክረምት ቤታችን የቀረው ዘር ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር። ሰኔ ሳይጋመስ ደህና ዝናብ ጣለ። አያ ደርሶ አሁንም ገና ነው አሉ።

"አያ ደርሶ፣ አንቱ ይጠብቁ። እኔ ግን ልዘራ ነው" አለቻቸው እናቴ፣ አጥራችን ጋ ቆማ።

"ዝሪ፤ ማን ያዘሽ? ስትከስሪ ግን ስሜን አታንሺ" አሉና ጀርባቸውን ሰጡን።

ዘራች። ቡቃያው ሲያምር እሳቸውን በንቀት ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። እናቴ ማሳው ዳር ቁጭ ብላ ቡቃያው ሲጠወልግ ታያለች። ዝናቡ ሲመለስ የሚያድነው ነገር አላገኘም።

ያን ሰሞን አያ ደርሶ ሊዘሩ ወጡ። በመንገዳቸው ደጃችን ላይ ቆሙና ዘራቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን አወረዱ። "ብዬሽ ነበር" እስኪሉ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

"ይሄን ዝሪ" አሏት። "ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። አጠገቤ ባዶ ማሳ ካለ አረሙ ወደኔ ይሻገራል።"

"አንቱስ ምን ይዘራሉ?"

"ምን አገባሽ" ብለው ሄዱ።

ያን ዓመት የማሳቸው ግማሽ ጦሙን አደረ። ሰሊጡ ለእኛም ለእሳቸውም እንደነገሩ ሆነ፤ ከረሃብ ግን አዳነን። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃቸው ሰው እየቀነሰ ሄደ። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ በየክረምቱ እየተንበረከኩ ገና ነው ማለታቸውን አልተዉም። እኔም አንድ ቀን እንኳ "ዝናቡ ተለውጧል" ቢሉኝ ብዬ ተመኝቼ ቀረሁ።

አሁን ሁሉም በየግምቱ ይዘራል። ዘንድሮ እኔ ጠበቅሁ፤ ጎረቤቴ ጥሩየ ቸኮለች። እንዳትዘራ ለምኛት ነበር፤ አልሰማችም፣ ቡቃያዋም ደርቆ ቀረ። ዝናቡ የተመለሰ ዕለት ጠዋት ዝናቡንም፣ እሷንም፣ አያ ደርሶንም እየረገምኩ ዘሬን ለሁለት ከፈልኩ። ጆንያውን ተሸክሜ ወሰድኩና ደጇ ላይ አስቀምጬላት ተመለስኩ። የእሷ ሰሊጥ አሁን ጉልበት ደርሷል። የኔ ማሳ ግማሹ አረም ነው፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እበሳጫለሁ።